ካርታ የሌለው ቦታ

ይህን እትም ስናሰናዳ ከአንደበታችን ያልተለየው ቃል «ካርታ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሊዝ ጨረታ ዋጋ ያልቻለ ደመወዝተኛ ዓይኑን ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉታ፣ ወደ ዱከም ይጥላል። ደላላው የሚጠራለት ዋጋ ያጓጓል። ግን የሚሸጠው ምንድን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገዢና ገበሬ የሚፈራረሙት ብዙ ጊዜ የይዞታ ማረጋገጫ የሆነውን ካርታ የማያስገኝ፣ ብድር ወይም ስጦታ የሚመስል ወረቀት ነው። የስንት ዓመት ዕቁብና ቁጠባ በዚያች ወረቀት ላይ ይፈስሳል! በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ ያለቀሱትን እናቶች አልረሳናቸውም፤ ያለ ፈቃድ ለተሠራ ቤት የሚሰጠውን «የጨረቃ ቤት» የሚል ስም እንደ ስድብ መጥራትም ከዚያ ወዲህ ይከብደናል።

በውስጥ ገጾች ቀብድ ከመክፈል በፊት የይዞታው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚጣራ በዝርዝር አቅርበናል። ስለ ገበሬዎቹ የሚያወሳውን ጽሑፍ ግን ሆን ብለን አስቀድመነዋል። ትናንት ጤፍ ባጨዱበት ማሳ ላይ ለተሠራ ቪላ ዛሬ ዘበኛ ሆነው የሚያድሩ አባቶች አሉና።