በነፃ የተሰጠ ሁሉ ነፃ አይደለም

ስለ ሶፍትዌር ሲወራ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ነው። ሁለተኛው ማንም እንዳሻው የሚፈትሸው፣ የሚያሻሽለውና ለሌላው የሚያካፍለው ማለት ነው። ሁለቱን ማምታታት ምን እንደሚያስከትል የሊኑክስ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

ሊኑክስ በየአንድሮይድ ስልኩና ኢንተርኔትን በተሸከሙ ሰርቨሮች ውስጥ የሚሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው የሚነካካው ኮድ ደግሞ መዝገብ ያስፈልገዋል፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር ለወጠ? ለዓመታት ባለሙያዎች ማሻሻያዎቻቸውን በኢሜይል ይልኩ ነበር፤ ሊነስ ቶርቫልድስም ያንን ሁሉ በእጁ ያዋህድ ነበር። ሥራው ሲበዛ መንገድ ላይ የሚቀር ማሻሻያም በዛ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቶርቫልድስ ቢትኪፐር የተባለውን መሣሪያ መጠቀም ጀመረ። ባለቤቱ የላሪ ማክቮይ ኩባንያ ቢትሙቨር ነው። መሣሪያው በጊዜው ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ለሊኑክስ ሠራተኞችም ያለ ክፍያ ተሰጠ። ኮዱ ግን ዝግ ነበር። ውሉም በነፃ የሚጠቀም ሰው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ሪቻርድ ስቶልማንን የመሳሰሉ ሰዎች ገና ከጅምሩ ተቃወሙ። የቶርቫልድስ መልስ አጭር ነበር፦ ለሥራው የሚበጀውን መሣሪያ እንጠቀማለን።

ለሦስት ዓመታት ሥራው ተፋጠነ። ቶርቫልድስ ትክክል የነበረ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድሩ ትሪጄል መጣ። በሳምባ ፕሮግራሙ የሚታወቀው ይህ አውስትራሊያዊ የቢትኪፐርን ውል ያልተቀበለ ሰው ነው። የሊኑክስን ሙሉ መዝገብ ያለ ቢትኪፐር ማንበብ የሚያስችል ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። በኋላ በመድረክ ላይ እንዳሳየው የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነበር፦ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ «እርዳታ» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ፤ ሰርቨሩም የሚቀበላቸውን ትእዛዞች ዘረዘረ። ማክቮይ ይህንን ምርቱን እንደ መቅዳት ቆጠረው። በ2005 ሚያዝያ በነፃ የሚሰጠው ቅጂ መቋረጡ ተሰማ።

ማክቮይን ክፉ ማድረግ አያስፈልግም። ደመወዝ የሚከፍል፣ ምርቱን የሚጠብቅ ነጋዴ ነበር፤ የሰጠውንም በራሱ ውል ነው የሰጠው። ችግሩ ከሰውየው ጠባይ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። የሺህ ሰው የጋራ ሥራ መዝገብ በአንድ ሰው ቁልፍ ሲቆለፍ፣ የዚያ ሰው ቅሬታ የሁሉም ችግር ይሆናል።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ቶርቫልድስ በዚያው ሚያዝያ ጊትን መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ፤ በሰኔ የወጣውም የሊኑክስ ከርነል በእሱ ተሠራ። ዛሬ ጊትን የማያውቅ ፕሮግራመር የለም ማለት ይቻላል። ቢትኪፐር ኮዱን ክፍት ያደረገው በ2016 ነው፤ ያኔ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጊት ነፃ ቢሆንም አብዛኛው ክፍት ኮድ ዛሬ የተቀመጠው ጊትሃብ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ወጣት ፕሮግራመሮችም ሥራቸውን የሚያሳዩት እዚያው ነው። ጊትሃብን ማይክሮሶፍት በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎች ከአገልግሎቱ ከፊሉ ተዘጋባቸው። የማዕቀቡ ሰለባ የሆነው ፕሮግራመር ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ አድራሻው ብቻ በቂ ሆነ።

በእርግጥ ከቢትኪፐር ዘመን ይልቅ አሁን ይሻላል። ጊት ኮዱን ከነታሪኩ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። የስህተት ጥቆማው፣ ክርክሩና «ይህን ለምን እንዲህ ሠራነው» የሚለው ውይይት ግን ከኮዱ ጋር አይገለበጥም። እሱ ያለው በኩባንያው ቋት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጊትሃብን መተው ለሁሉም አይቻል ይሆናል፤ የራስን ሰርቨር ማስተዳደርም ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። የሚቻለው ግን ብዙ ነው፦ ኮዱን በሌላ ቦታም ማስቀመጥ፣ ውይይቱን በየጊዜው አውርዶ መያዝ። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ዋናውን ኮዳቸውን በራሳቸው ሰርቨር ያኖራሉ፤ ክርክራቸውንም በኢሜይል ያካሂዳሉ። ጊትሃብ ላይ ያለው ቅጂ ብቻ ነው። አንዴ በር ተዘግቶባቸዋልና «ነገ ቢዘጋ ምን ይዘን እንወጣለን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅን ተምረዋል። ሌላው ግን ይህን ለመማር በሩ እስኪዘጋበት መጠበቅ የለበትም።