ጠመንጃውን ማን ይመግበዋል?

ከጥቂት ቀናት በፊት በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ በተነሣ ክርክር፣ አንድ ጓደኛችን «ፖሊስ ይታጠቅ አይታጠቅ ማለት የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ሽፍታ በክላሽ ሲመጣ ፖሊስ በዱላ ይጠብቀው?» አለና ሁላችንም ሳቅን። ክርክሩም በሳቁ ተዘጋ። እኔ ግን ያለ ጊዜው ተዘጋ እላለሁ። ጓደኛችን እውነቱን ነው፤ ፖሊስ ይታጠቅ። ያልተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ከታጠቀ በኋላ ማን ያኖረዋል? በማን ገንዘብ? ሒሳቡንስ ለማን ያቀርባል?

የመሣሪያን ነገር የማያውቅ ሰው ወጪው በተገዛበት ዕለት ያለቀ ይመስለዋል። አያልቅም። ጠመንጃ ጥይት ይበላል፤ ጥይቱም ለውጊያ ብቻ ሳይሆን ለልምምድ ያስፈልጋል፤ ተኩስ ያልተለማመደ ፖሊስ ከሽፍታው ይልቅ ለመንገደኛው ያሰጋልና። ከዚያም መለዋወጫው፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱና ዘበኛው፣ የመኪናው ነዳጅና ጎማ፣ የደንብ ልብሱ፣ ቀለቡ፣ ደመወዙ ይከተላል። ከሁሉም በላይ ሰውየው አለ፤ ሲቆስል ሕክምና፣ ሲያረጅ ጡረታ፣ ሲሞት ለልጆቹ መተዳደሪያ ይሻል። መግዛት የአንድ ቀን ነው፤ ማኖር ግን የዘወትር ነው። በየወሩ የሚያኖር እጅ ደግሞ በየወሩ ያዝዛል። አበው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለዋል። ተረቱን የጠቀስሁት ፖሊሱን ለመስደብ አይደለም፤ ነውሩ የመጋቢው ነው።

ይህን በአገራችን በዐይናችን አይተነዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የመከላከያ ሠራዊትንና የፌዴራል ፖሊስን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አቋቁመው ጸጥታ እንዲያስከብሩ ሥልጣን ሰጠ። «ልዩ ኀይል» የሚባል ስም በውስጡ የለም። ሆኖም በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ኦብነግ ባደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ ተቋቋመ፤ ሌሎቹም ክልሎች ተከተሉ። ስሙ ፖሊስ፣ አደረጃጀቱና ሥልጠናው ግን የጦር ሠራዊት ሆነ። ገንዘቡስ? አብዛኞቹ ክልሎች ከሚያወጡት ገንዘብ ትልቁ ክፍል ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት በጥቅል ድጎማ የሚመጣ ነው። በጥቅል የመጣውን ለትምህርት ቤት ይዋል ወይስ ለካምፕ ብሎ የሚወስነው ክልሉ ነው። እስቲ ከመካከላችን፣ መምህሮቻችንም ጭምር፣ የአንዱን ክልል ልዩ ኀይል የጥይት፣ የቀለብና የነዳጅ ወጪ በዝርዝር ያነበበ እጁን ያንሣ!

ፍሬውንም አጨድን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ፣ ለዓመታት ከአንድ ግምጃ ቤት ድጎማ ሲካፈሉ የኖሩ ክልሎች ያሠለጠኗቸው ፖሊሶች በጦር ግንባር ፊት ለፊት ተገናኙ። ገበሬው የከፈለው ግብር በሁለቱም ምሽግ ጥይት ሆኖ ተገኘ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ልዩ ኀይሎቹ ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል መደበኛ ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። ሐሳቡ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማል ባይ ነኝ። ነገር ግን ለዓመታት የተመገበ ኀይል በአንድ መግለጫ አይፈርስም። በአማራ ክልል ከተሞች የተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፤ ከነትጥቃቸው ከካምፕ የወጡም ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እነዚያ ወጣቶች እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ፣ ፈተናው ያልቀናቸው የገበሬ ልጆች ናቸው። እኛ ወደዚህ ግቢ ስንገባ እነርሱ ወደ ካምፕ ገቡ። ያስታጠቃቸውም ሆነ ያፈረሳቸው አስቀድሞ የታየው ጠመንጃው እንጂ እነርሱ አልነበሩም።

በሽታው የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር ሠራዊቷ የተረፈውን መሣሪያ፣ ፈንጂ የሚቋቋም ብረት ለበስ መኪና ሳይቀር፣ ለከተማ ፖሊሶች በነጻ ታድላለች። ማጓጓዣውና ጥገናው ግን በተቀባዩ ጫንቃ ላይ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለም እንዲመለስ ደንቡ ያዝዛል። እንግዲህ እንዳይመለስ ሲባል ለመሣሪያው ሥራ ይፈለግለታል ማለት ነው። በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የፈርጉሰን ከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ ከተማዋ ፖሊሷን ከሕዝብ ደኅንነት ይልቅ ለገቢ ማግኛ ታሠራው እንደ ነበር ገለጠ። ለዚያ የበጀት ዓመት ካሰበችው 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢ ከ3 ሚሊዮን በላዩን ከቅጣትና ከመሰል ክፍያ ለማግኘት አቅዳ ነበር።

እንግዲህ በስጦታ መሣሪያ የሚኖር ፖሊስ ሥራ ይፈልጋል፤ በቅጣት ገንዘብ የሚኖር ፖሊስ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ በሹም እጅ የሚኖር ፖሊስ ጌታውን ይጠብቃል። ሕዝብን የሚጠብቀው ሕዝብ እያወቀ የሚያኖረው ብቻ ነው።

«የጸጥታ ወጪ ምስጢር ነው» የሚሉን አሉ። የዘመቻው ዕቅድ ምስጢር ይሁን፤ የጡረታና የነዳጅ ወጪ ግን ከማን ይደበቃል? ሽፍታው እንደ ሆነ የሚተኮስበትን ጥይት ቈጥሮ ያውቃል። የማያውቀው ከፋዩ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፖሊስ ትጥቅ መግዣውም ማኖሪያውም በየምክር ቤቱ በጀት ውስጥ በራሱ ርእስ ይጻፍ፣ ክርክርም ይደረግበት። ሁለተኛ፣ ኦዲተሮች ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውንና የጥይቱን መዝገብ ጭምር መርምረው ለምክር ቤት ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ ደመወዙ፣ ሕክምናውና ጡረታው ከየት እንደሚመጣ፣ ሲበተንም አባላቱ በምን እንደሚተዳደሩ በሕግ ሳይወሰን አንድም አዲስ የታጠቀ ኀይል አይቋቋም።

የሕግና የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቢያነሡልን ደግ ነው፤ ከመመገቢያ አዳራሽ በር የተሻለ ቦታ ይገባዋልና። ጓደኛችን ሽፍታው ሲመጣ ማን ይጠብቀናል ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ልጠይቀው፤ የጠባቂውን መጋቢ ካላወቅን፣ በሌሊት ደጃችንን ሲያንኳኳ በምን ተማምነን እንከፍትለታለን?