ነጋሪቱ ጅጋ ሳይደርስ

አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ የጅጋና የአካባቢዋ ገበሬ አካፋና ዶማውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ኖሯል። በምዕራብ ጎጃም ኮረብታዎች ወገብ ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠሙት እርከኖች በዚህ ያለ ክፍያ በፈሰሰ ጉልበት የተሠሩ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአረንጓዴ አሻራና ለተጎዳ መሬት ማገገሚያ ልዩ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጸደቀ። ከፌዴራሉ መንግሥት ዓመታዊ በጀት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ለዚሁ ይውላል። ፈንዱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ዘግይቷል ባይ ነኝ። ቅሬታዬ በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ አስረጂ ቢጠራም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። እርከኑን የቆፈረው ሰው ወዴት አለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲ ሲነደፍ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። ጊዜውም ሌላ ጉድ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ አንሥቶ በ2016 አብዛኛው ክፍል ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ለመሰብሰብ ፈቃድ በሚያሻበት አገር፣ ስለ መሬት በሚወጣ ሕግ ላይ ማን ማንን ያወያያል?

ጎጃም ይህን ዓይነቱን ሕግ አወጣጥ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ስለ ግብር ይናገር ነበር፤ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ የሰማው ግን ቃላድ ነው። ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ ሸፈተ። በመጨረሻ መንግሥት አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ለማንሣትና በጎጃም ግብሩን ለመተው ተገደደ። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግም ቅሬታውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሄደ ገበሬ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ገበሬው የተሰማው አዋጁ ከወጣ በኋላ ነው። (ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወሰደው በገበያ መካከል ከሚጎሰመው ከበሮ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።)

«ገበሬው ስለ ፈንድ ምን ያውቃል?» የሚሉኝ አሉ። የጉልበቱን ዋጋ ያውቃል። የበጀቱ መቶኛ በሕግ ሲጻፍ፣ በየዓመቱ በነጻ የሚሰጠው የሥራ ቀንስ ለምን እንደ መዋጮ አልተቆጠረለትም? ቋሚ ኮሚቴው ረቂቁን ይዞ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ወርዶ ቢሆን ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን በሰማው ነበር። አንጀኒም አለች። በዚህች የደምበጫ ጎረቤት ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ጎርፍ የሚወስደው አፈር ሲለካ፣ ገበሬዎቹ ከእርከን ጋር አርባ ዓመት ኖረዋል። ከምክር ቤቱ እስከዚያ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ነው።