ጀልባውን ገዛን፤ ማውጫውንስ?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ግራቭሊ ፖይንት ነበርኩ። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አውሮፕላኖች አናታችሁን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው የሚያልፉበት መናፈሻ ነው። እዚያው ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ቁልቁለት አለ። አንድ የአገራችን ሰው አምባዛ ሲያጠምዱ ውለው ጀልባቸውን ተሳቢው ላይ ለመጫን ይታገላሉ። ነፋሱ ጀልባውን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ እሳቸው ወደ ቀኝ ይመልሱታል። ልጃቸው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በጀልባውና በተሳቢው ብረት መካከል ቆሞ፣ በትከሻው ይገፋል። ከኋላ አራት መኪና ተሰልፏል። አንዱ ጥሩንባ ይነፋል።

ልጁን ና ውጣ አልኩት። አባትየው ላባቸውን እየጠረጉ «ሞተሩ አዲስ ነው፣ ጀልባውም ምንም አይልም። ማውጣቱ ነው እንጂ የገደለኝ!» አሉኝ።

ይቺ ንግግራቸው ናት ይህን ያስጻፈችኝ።

ጀልባ ያልነካ ሰው ችግሩ ላይገባው ይችላል። ተሳቢው ወደ ኋላ ተነድቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል። ጀልባውን የሚነዳው ሰው የማያየው ነገር ላይ ለማሳረፍ ነው የሚሞክረው። ፖቶማክ ደግሞ እዚህ ጋ ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ጀልባ ፍሬን የለውም። በዝግታ ከመጣችሁ ነፋስ ይወስዳችኋል፤ በፍጥነት ከመጣችሁ ብረት ትመታላችሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ሚስት ነው። ግማሽ ቶን ጀልባ በሞገድ ሲወዛወዝ ደረትን ከብረት ጋር ለማጣበቅ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ቋሚዎች ናቸው። ከተሳቢው በስተኋላ ግራና ቀኝ ይተከላሉ፤ ተሳቢው ሲሰጥም ጫፋቸው ከውሃ በላይ ይቀራል። ነጂው ማነጣጠሪያ ያገኛል፤ ጀልባው በመካከላቸው ከገባ በኋላ ነፋሱ ቢገፋውም ከመስመር አይወጣም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሱቅ ውስጥ ጥንዱ ይወደዳል። እኔ የራሴን በርካሽ ሠርቻለሁ። ባለ 1 ኢንች ከሩብ ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ገዛሁ፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሽቅብ አድርጌ የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ በሚሉት መታጠፊያ አገናኘኋቸው። አግድሙን ከተሳቢው ፍሬም ጋር ያሰርኩት በዩ ቅርጽ ቡሎን ነው፤ የመኪና ባሌስትራ እንደሚያስረው ዓይነት። ፍሬሙን መብሳትም መበየድም አላስፈለገም። በቋሚው ላይ ባለ 2 ኢንች ነጭ ፒቪሲ ቱቦ እንደ እጅጌ አጠለቅሁበት። ቱቦው ልል ስለሆነ ጀልባው ሲነካው ይሽከረከራል እንጂ አይቧጭረውም፤ ነጭ ስለሆነም ሲመሽ በመኪናው መስተዋት ይታያል። ርቀቱን የለካሁት ጀልባው ተሳቢው ላይ በትክክል ተቀምጦ ሳለ ነው፤ በየጎኑ ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ተውኩ።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ርካሽ መሥራትና በግዴለሽነት መሥራት አንድ አይደሉም። ብረቱን ትቼ ሁሉንም በፒቪሲ ብሠራው ይበልጥ ይረክስ ነበር፤ ግን ፒቪሲ ብቻውን ይተጣጠፋል፣ ፀሐይም ስትመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጎሚቶው በጥርስ ብቻ ከተጠመዘዘ ጀልባው ሲገፋው ይዞራል፤ ስለዚህ መሐሉን በስቶ የሚያልፍ ቡሎን ያስፈልገዋል። ዳዶው የማይላላው ዓይነት ይሁን፤ በአውራ ጎዳና ላይ የተፈታ ቧንቧ የሌላ ሰው መኪና መስተዋት ላይ ነው የሚያርፈው። ብየዳ የሚያምራችሁም ካላችሁ፣ የጋልቫናይዝድ ብረት ጭስ መርዝ ነው፤ ዚንኩ ተፍቆ፣ በደጅ ካልሆነ አትንኩት። ቁጠባው ከስሙና ከማሸጊያው ላይ ይሁን፤ ከሚይዘው ነገር ላይ አይሁን።

«ልምድ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን። ግን ሁላችንም ጀማሪ ነበርን፤ የጀማሪ ስህተት ዋጋ ደግሞ የልጅ ጎድን መሆን የለበትም።

ይህን ሁሉ ጀልባ ለሌለው አንባቢ የምጽፈው ለምንድን ነው? ነገሩ ከፖቶማክ ስለሚሻገር ነው።

በፈረንጆቹ 2011 እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ፣ በውጭ ያለነው ለማጨጃ ማሽን ገንዘብ አዋጥተናል። ከዚያ በኋላ ማሽን ተበላሽቶ ቆመ የሚል ዜና ደጋግመን ሰማን፤ መለዋወጫ የለም፣ ጠጋኝ የለም። እኔ ራሴ አዋጥቻለሁ፤ ስናዋጣ ግን ከውሃው እንዴት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚጠገን የጠየቀ ሰው አላስታውስም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እንደ በሬው ሣሩን ነው ያየነው።

በአገራችን ሐይቆች ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጀልባ መግፋት ከዚህኛው የባሰ ነው። ጫሞ ላይ አዞ አለ። ጣና ላይ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ፤ ቢልሃርዚያ የሚገባው ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ነው። የጣና ሰዎች ይህን ድሮ አስበውበታል። የደንገል ታንኳ ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ባለቤቷ ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያደርቃታል። የሠራት ሰው መግባቷን ብቻ ሳይሆን መውጣቷንም አስቦ ነው የሠራት። እኛ ባለ ሞተሩን ስንገዛ ይህን ግማሽ ረሳነው።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ለአሣ አጥማጆች ማኅበር፣ ለጤና ጀልባ፣ ለእምቦጭ ሥራ ገንዘብ የምታዋጡ ሁሉ፦ ተሳቢው ከነመሪ ቋሚዎቹ በግዢው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ቋሚዎቹን ግን ከውጭ አትላኩ። የብረት ቧንቧ፣ ፒቪሲና ቡሎን ባሕር ዳርም ሐዋሳም ይገኛሉ፤ ሠራተኛውም እዚያው አለ። አንድ ጊዜ የሠራው ሰው ሲሰበር ይጠግነዋል። ካታሎግ የተላከለት ሰው ግን ሌላ ዕርዳታ ይጠብቃል።

ወደ ግራቭሊ ፖይንቱ አባት ልመለስ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አብረን ሠራን፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብን፣ ግማሹን ቡና ስንጠጣ ነው። ባለፈው እሑድ ነፋስ ነበር። እሳቸው ጀልባውን በሁለቱ ነጭ ቱቦዎች መሐል ቀስ አድርገው አስገቡት። ልጁ ዳር ላይ በደረቅ ጫማው ቆሞ የዊንቹን ገመድ መንጠቆ ከአፍንጫው ላይ አሰረና እጀታውን ማዞር ጀመረ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰውዬ መኪናውን አጥፍቶ ወረደና ቱቦውን በእጁ እያሽከረከረ «ይኼን የት ገዛችሁት?» አላቸው።