የተራራ መንገድ መሪ መጽሐፍና ተጓዡ

በእግሩ ብዙ ቀን በተራራ ላይ የሚጓዝ ሰው ከሚይዘው ዕቃ ሁሉ ሸክሙ የቀለለ፣ ፍርዱ ግን የከበደ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ነው። ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል፤ ስንቅ ቢያልቅ ከመንደር ይገዛል፤ መጽሐፉ ያሳሳተው ተጓዥ ግን መሳሳቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጀምበር ካዘቀዘቀች ወይም ጉም ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ መጽሐፍ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባው፣ ይልቁንም ስለ ገዛ ተራሮቻችን ማን ሊጽፈው እንደሚገባ ጥቂት ለማሳሰብ ፈለግን።

የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ልማድ በአውሮፓ የተስፋፋው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. በሎንዶን ጆን መሬይ የሚባለው አሳታሚ ለመንገደኛ የሚሆን መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ፤ በጀርመንም የካርል ቤዴከር መጻሕፍት ስማቸው እጅግ ከመግነኑ የተነሣ በብዙ አገር የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሱ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) የኛም አገር አልቀረላትም። በ1938 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የኢጣልያ የአገር ጕብኝት ማኅበር «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ተብሎ ስለ ተሰየመው ምድር ወፍራም የመንገድ መሪ መጽሐፍ ከነካርታው በሚላኖ አሳተመ። ከተማው፣ ወንዙ፣ ተራራው፣ ከአንዱ ስፍራ እስከ ሌላው ያለው ኪሎ ሜትር ሳይቀር ተጽፎበታል። የጸሐፊዎቹን ትጋት መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ሲጻፍ ባለ አገሩ እንዲጓዝበት አልታሰበም፤ ወራሪው የሰውን መሬት እንደ ራሱ ግቢ እንዲመለከት ነበር እንጂ። የመንገድ መሪ መጽሐፍ ሲከፈት ማን እንደ ጻፈው፣ ለማንስ እንደ ጻፈው አስቀድሞ መመልከት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ መታየት ያለበት የታተመበት ዓመት ነው። የሰሜንን ተራራ ጕዞ ምሳሌ እናድርግ። ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር ማደር፤ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ግጭ ሜዳ መውጣት፤ ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ ሄዶ በ3,926 ሜትር ከፍታ ከአፋፉ ቆሞ ገደሉን መመልከት፤ ከዚያ ወደ ጨነቅ መውረድ፤ የቧሂትን በር አልፎ የመሸሃን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ራስ ደጀን መውጣት፤ ተጓዦች ሁሉ የሚያውቁት መንገድ ይህ ነው። ጅብራውና አስታው፣ በጓሳው ላይ የሚግጠው ጭላዳ፣ በገደሉ ጥግ የሚታየው ዋልያ በየመጽሐፉ ተሥሎ ይገኛል። ይህ ሁሉ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው የሰው ነገር ነው።

ስፍራው በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የዋልያው ቍጥር በማነሱ፣ እርሻና መንገድም ወደ ውስጥ በመግባታቸው በ1996 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ ከዚያም መዝገብ የወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በግጭ መንደር ይኖር የነበረው ሕዝብ ከፓርኩ ወጥቶ በደባርቅ እንዲሰፍር ተደረገ። እንግዲህ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ የያዘ ተጓዥ «በግጭ መንደር ቡና ይፈላልኛል፤ ለበቅሎዬም ገብስ እገዛለሁ» ብሎ የስንቁን ልክ ቢወስን፣ በዚያ ብርድ ማንም በሩን አይከፍትለትም። መጽሐፉ በተጻፈበት ቀን እውነት ነበረ፤ ዛሬ ግን እውነት አይደለም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ ስለ ነበረው ጦርነት ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ምንም አይናገርም፤ የመንገድ ሰላም በየወሩ ከሰው የሚጠየቅ እንጂ ከመደርደሪያ የሚወርድ ዜና አይደለም።

የተራራው ቁመት እንኳ በየመጽሐፉ ይለያያል። ራስ ደጀን በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነው፤ ኋላ በወጡት 4,550 ወይም 4,533 ሆኖ ይገኛል። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ተሻሻለ እንጂ። ስሙም በአገሬው አፍ ራስ ደጀን ሆኖ ሳለ በውጭ መጻሕፍት «ዳሸን» እየተባለ ብዙ ጊዜ ከመታተሙ የተነሣ እኛም ራሳችን ተቀብለነው ባንክና ቢራ ሰይመንበታል! የታተመ ስሕተት ይህን ያህል ጕልበት አለው።

ነገሩ በኛ አገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል የኮርሲካን ደሴት እንጨምር። በዚያ ጂ አር 20 የሚባል 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የተራራ መንገድ አለ፤ ምልክቱም በዓለት ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ ቀለም ነው። ከመንገዱ ሁሉ ስመ ጥር የነበረው ተጓዡ ሰንሰለት እየጨበጠ የሚወርድበት «የብቸኝነት ገደል» ነበረ። በጁን ወር 2015 ዓ.ም. ዝናብ ድንጋዩንና አፈሩን ንዶ በዚያ 7 ሰዎች ሞቱ፤ መንገዱም በሌላ ወገን፣ በሞንቴ ቺንቶ ትከሻ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ከዚያ በፊት የታተመው መጽሐፍ ግን ዛሬም በርካሽ ዋጋ ተገዝቶ ሲከፈት ተጓዡን «በዚህ ውረድ» ይለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰዓት እንመለስ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። በመጻሕፍት ውስጥ «ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ሰዓት» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ አንባቢው አይጠይቅም። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1892 ዓ.ም. ያወጣው ልክ አለ፤ ይኸውም ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት መቍጠር ነው። መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱም 900 ሜትር ቢሆን አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ልክ ለጤነኛና ለለመደ እግር፣ ለደኅና አየር የተሰጠ ነው፤ ዕረፍት፣ ምሳ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የጫማ ክር ማሰር አልተቈጠረበትም። አየሩ በሳሳበት በ4,000 ሜትር ላይ ደግሞ ያው እግር ያን ያህል አይሄድም። አስተዋይ ተጓዥ በመጀመሪያው ቀን የራሱን ሰዓት ከመጽሐፉ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ይይዛል፤ ከሁለተኛውም ቀን ጀምሮ መጽሐፉን በራሱ እግር ልክ ያነበዋል። ለኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የፈረንጁ መጽሐፍ «በ7 ሰዓት ተነሡ» ሲል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ ይህንኑ ቃል በቃል ለባለ በቅሎው የነገረ እንግዳ በቅሎው የሚመጣለት ከቀትር በኋላ ነው። ባለ በቅሎው በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

ከሰዓቱ ይልቅ ግን ሕይወትን የሚነካው የማደሪያው ቅደም ተከተል ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የሚያድርበት ስፍራ ከትናንት ማደሪያው ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፍ ይመክራሉ። የቀድሞ መጻሕፍት ተጓዡን ከደባርቅ በእግሩ አስነሥተው፣ በሳንቃበር አሳድረው፣ በማግሥቱ ወደ ግጭ ሲያወጡት፣ ሳይናገሩ መድኃኒት ይሰጡት ነበር፤ ሰውነቱ ቀስ በቀስ አየሩን ይለምዳልና። ዛሬ መኪና እስከ ጨነቅ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት በጐንደር ቁርሱን የበላ ሰው ማታ በ3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያድርና፣ በነጋታው ከመጽሐፉ መካከል ገልጦ የአራተኛውን ቀን መንገድ ይጀምራል። መጽሐፉን እንደ ተከተለ ይመስለዋል፤ ከመጽሐፉ የጣለው ግን ዋናውን ገጽ ነው። ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው በዚያው መቈየት፣ ሕመሙ ከጠና ወይም እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ ሌሊትም ቢሆን መውረድ እንጂ «ገና ሁለት ገጽ ቀርቶናል» ብሎ መውጣት አይገባም። ይህ ሕመም ጐልማሳና ሽማግሌ አይለይም፤ በጕልበቱ የሚመካው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ እርሱ ይቀድማል።

መጽሐፉ በወረቀት ያለ ሌላም ወጥመድ አለበት። ከቧሂት በር ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ራስ ደጀን ከፊቱ ቆሞ ያገኘዋል፤ በካርታም ቢለካው ጥቂት ጣት ነው። በመካከላቸው ግን የመሸሃ ሸለቆ አለ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ከወረደው የሚበልጥ መውጣት ነው። በስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ አድርገው ያዘጋጁት የሰሜን ካርታ ይህን በከፍታ መስመሮቹ በግልጥ ያሳያል፤ መስመሮቹ የተጨናነቁበት ስፍራ ገደል ነው። ካርታ ሳይዝ መጽሐፍ ብቻ የያዘ፣ ወይም መስመሩን ሳያነብ ካርታ የያዘ ሰው አንድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነው። በስልክ ላይ የሚታየውም መስመር ጥሩ ነው፤ በብርድ ሌሊት ግን የስልኩ ኃይል ቶሎ ያልቃል።

በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የለየ ሁሉ መምህር አይባልም፤ ትርጓሜውን ከመምህር አፍ መስማት አለበት። የተራራም መጽሐፍ እንዲሁ ነው፤ ንባቡ በወረቀት ላይ፣ ትርጓሜው በመንገድ መሪው፣ በባለ በቅሎውና በእረኛው አፍ ነው። ምንጩ በሚያዝያ ይደርቅ እንደ ሆነ፣ ከትናንት ዝናብ በኋላ ወንዙ ይሻገሩት እንደ ሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መጽሐፍ ይዟልና የመሪውን ቃል የሚንቅ ተጓዥ አለ፤ መሪ ይዟልና መጽሐፉን ከሻንጣው የማያወጣም አለ። የኋለኛው ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን መሪው ቢታመም መመለሻውን አያውቅም። መጽሐፉ በቤት ሳለ ሁለት ጊዜ ሊነበብ፣ የሚጠየቀው ነገር በኅዳጉ ሊጻፍ፣ በደባርቅም ለመሪው ሊነበብለት ይገባል።

ለመሪው ሊነበብለት ይገባል ስንል ግን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በየትኛው ቋንቋ? ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። ተራራውን ዕድሜውን ሙሉ የረገጠው ሰው ስለ እርሱ የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ተሳስቷል» ለማለት አልቻለም። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ለመሄድ የሚነሣው የገዛ አገራችን ወጣትም የአያቶቹን ተራራ በሰው አንደበት ይማራል።

ይህ እንዲሠራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር በኬንዳል ከተማ የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥ የነበረው አልፍሬድ ዌንራይት በዕረፍት ቀኑ እየሄደ በሐይቆቹ አውራጃ ያሉትን 214 ተራሮች በእግሩ ወጣ፤ የሄደበትን ሁሉ በእጁ ጽፎ፣ በእጁ ሥሎ ከ1955 እስከ 1966 ዓ.ም. በሰባት መጻሕፍት አወጣው። እርሱም በ1991 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ መንገዱ፣ አጥሩና ድልድዩ ስለ ተለወጠ መጻሕፍቱ በሌላ ሰው እንደ ገና ታርመው መታተም አስፈለጋቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የዕረፍት ቀን የሌለው ማነው?

እንግዲህ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና የደባርቅ መንገድ መሪዎች፣ ከጐንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባብረው፣ የሰሜንን ተራራ መንገድ በአማርኛ ቢጽፉ እንመክራለን። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ራስ ላይ ጸሐፊው መንገዱን የሄደበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ የመንደሩና የወንዙ ስም ከአገሬው አፍ ይወሰድ፤ ሰዓቱ በኛ አቈጣጠር ይሁን፤ ውሃ በበጋ የሚገኝበትና የማይገኝበት ይለይ፤ የታመመ ሰው ወደ የት በኩል ቶሎ እንደሚወርድ በየማደሪያው ይነገር። በመጨረሻም ጥቂት ባዶ ገጾች ይተዉለትና ተጓዡ ያገኘውን ለውጥ ጽፎ ሲመለስ በደባርቅ ለጽሕፈት ቤቱ ይስጥ። የመጀመሪያው እትም ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ያለውን ብቻ ይዞ ቢወጣ ይበቃል፤ ከቧሂት ማዶ ያለው በሚከተለው በጋ ሊለካ ይችላል።