ከቀኝ ወደ ግራ የምትጽፈው እጮኛዬ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከባሌ ሮቤ የመጣ ነው። የፍቅር ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን ፊደልም፣ ሃይማኖትም፣ እናትም፣ ባሕር ማዶም አለበት። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 29 ነው። ሮቤ አስተምራለሁ። እጮኛዬ ጎባ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ተወልዳ ያደገችው ጎንደር ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስንቆይ እሁድ እሁድ ታክሲ ይዤ ጎባ ሳልወጣ ቀርቼ አላውቅም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነገረ ሥራዋ ተለወጠብኝ። ቅዳሜ ሥራ የሚባል አትነካም፤ እሳት እንኳ አታነድም። ማታ ማታ ደብተር ታወጣና ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። ምንድነው ስላት፣ ‹ዕብራይስጥ ነው፤ እማዬም ጎንደር ምኩራብ ውስጥ እየተማረች ነው› አለችኝ። ሽማግሌ ልላክ ስላት፣ ‹የእማዬ ነገር ይለይለትና› ትለኛለች። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ‹አሮጊቷ በስተርጅና ሀሁ ጀመሩ፤ ልጅቷም ልቧ እስራኤል ገብቷል፤ አንተ እዚህ ስንዴ ስትቆጥር ትቀራለህ› ይሉኛል። አንድ ቀን ደብተሩን ልቅደደው ብዬ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ደብተሩን መልሰህ ማስቀመጥህ ደግ አደረግክ። ብትቀደው ኖሮ የምትቀደው ወረቀት ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ እናውራ። ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት ኦሪታቸውን ያነበቡት፣ ቄሶቻቸውም ጸሎት ያደረሱት በግዕዝ እንጂ በዕብራይስጥ አይደለም። የዕብራይስጥ ትምህርት በመካከላቸው የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ በተከፈተው ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን አስተማሩ። ከወለቃ የወጡት አቶ ዮና ቦጋለም ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጥተው የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰድ፣ አያቶቻቸው ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ከነዚህ ውስጥ በርካቶች ከገጠር ወጥተው አዲስ አበባና ጎንደር ከተማ ሰፈሩ፤ ወደ አያቶቻቸው እምነት ለመመለስም መማር ጀመሩ። ከጻፍክልኝ እንደምረዳው የእጮኛህ እናት ከዚህ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንግዲህ አስበው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማርኛ ያወሩ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው 22 አዳዲስ ፊደሎች ፊት ይቀመጣሉ። እንደ ሀሁሂያችን ሰባት ቤት የላቸውም፤ የአናባቢውን ድምፅ የሚነግሩት ከፊደሉ ሥርና ዙሪያ የሚደረጉ ነጥቦችና ጭረቶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ እነሱም አይጻፉም። አምስቱ ፊደላት ደግሞ ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ መልካቸውን ይለውጣሉ። ግን ሁሉም ባዕድ አይደለም። ቤት «ባይት» ነው፤ ስም «ሼም»፣ ልብ «ሌቭ»፣ ደም «ዳም» ነው። ጧትና ማታ የሚደርሰው ዋናው ጸሎት «ሽማዕ» ይባላል። በግዕዝ «ስማዕ»፣ በአማርኛ «ስማ» ማለት ነው።

ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉስ ለሮቤ ሰው ምኑ ይገርማል? ቁርኣን የሚቀሩ ሕፃናት እንዲሁ ሲያነቡ ዘወትር ታያለህ። በአንተ ከተማ ፊደል፣ ቁቤና ዓረብኛ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። አራተኛ ቢመጣ ምን ይጎዳል?

ለጓደኞችህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የማን አያት ነው በስተርጅና ሀሁ ያልጀመረው? ፊርማቸው የጣት አሻራ ብቻ የነበረ ሽማግሌዎች በልጆቻቸው እየተመሩ ስማቸውን ጻፉ። ዛሬ እንኮራበታለን እንጂ ማንም አይስቅበትም። የጎንደሯ እናት የሚያደርጉትም ከዚያ አይለይም።

አሁን ወደሚያስጨንቅህ ልምጣ። «ዕብራይስጥ ተማረች ማለት ልትሄድ ነው» ብለሃል። እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ለጉዞ የሚያበቃው የቋንቋ ፈተና አይደለም። የዘር ሐረግ፣ እስራኤል ውስጥ ያለ የቅርብ ዘመድና በየጊዜው የሚወጣው የእስራኤል መንግሥት ውሳኔ ነው። ያ ውሳኔ ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። በነሐሴ 2013 (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻው በረራ ነው ተባለ። በ2015 እንደገና ተወሰነ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 ድረስ ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ገቡ። ከዚያ በኋላም «ስማችን ይጠራል» እያሉ የሚጠብቁ አሉ፤ ሃያ ዓመት ያለፋቸውም አሉባቸው። እዚያ የደረሱትም ቢሆኑ ከትምህርት አያመልጡም፤ ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ወደ አይሁድ እምነት የመመለሻውንም ትምህርት ይከታተላሉ።

ታዲያ ለምን «የእማዬ ነገር ይለይለት» አለችህ? ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ባለፉት ዓመታት በወጡት ውሳኔዎች ያገባ ልጅና ያላገባ ልጅ እኩል ያልታዩበት ጊዜ ነበረ። እናት ተጠርታ ያገባች ልጇ የቀረችበት ቤት አለ። እጮኛህ ይህን ሳትሰማ አልቀረችም። እንግዲህ ሽማግሌ ልላክ ስትላት አንተን እየመዘነች ላይሆን ይችላል። ከእናቷ ለዘለዓለም የሚለያት ፊርማ እንዳይሆን እየፈራች ሊሆን ይችላል። ጓደኞችህ ንቀት ያሉት ነገር ፍርሃት ቢሆንስ?

ልብ በል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። እርግጡን የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ የሚከተለውን አድርግ።

አንደኛ፣ በሚመጣው እሁድ ጎባ ስትወጣ ስለ ደብተሩ ሳይሆን ስለ እናቷ ጠይቃት። ስማቸው ተመዝግቧል ወይ? ከተጠሩ እሷስ ትካተታለች ወይ? እኔን ብታገባ ምን ይለወጣል? መልሱን ከሰፈር ወሬ አትቃርሙ፤ ጉዳዩን ከሚያስፈጽሙት ዘንድ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጣሩ። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዛሬ ሦስት ዓመት የሰማችው ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የአንተን ሃይማኖት አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠይቅህም። ግን እምነትህን ለሠርግ ብለህ አትለውጥ፤ እሷንም ተይው አትበላት። ይልቅ ከሽማግሌ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ቅዳሜ ቤታችሁ ምን ይመስላል? ሥጋው በማን ይታረዳል? ልጅ ሲወለድ በየትኛው ወገን ያድጋል? ሮቤ ውስጥ በአንድ ሠርግ የእስላምና የክርስቲያን ድስት ለየብቻ ተጥዶ ሁሉም በልቶ መርቆ ይሄዳል። ድስት መለየት ይቻላል። ልጅ መለየት ግን ከባድ ስለሆነ ቀድሞ መነጋገሩ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ከፈለግህ ፊደሉን አብረሃት ቁጠር። አስተማሪ አይደለህ? ሃያ ሁለት ፊደል ለሁለት ወር አይበቃህም። የምታጠናውን ነገር ሳትፈራ ስታይላት ደብተሩን ከአንተ መደበቋን ትተዋለች።

ለአንቺም፣ እህቴ፣ ይህን ጋዜጣ ካየሽው አንድ ቃል ልበልሽ። ተማሪ፣ በርቺ፤ ትምህርቱ ያንቺ ነው፤ ማንም አይቀማሽም። መጠበቅን ግን ኑሮ አታድርጊው። «ነገ እንሄዳለን» እያሉ ሳያገቡ፣ ሳይነግዱ፣ ቤት ሳይሠሩ ዕድሜያቸው የነጎደ ሰዎች ጎንደርም አዲስ አበባም አሉ። የልብሽን ፍርሃት ለዚህ ልጅ በግልጽ ንገሪው። «ይለይለት» የሚለው ቃል ሦስት ዓመት ለጠበቀ ሰው አይበቃም። ልትለያይ ነው የምታስቢ ከሆነም ዛሬ ይወቀው፤ በአውሮፕላን ጣቢያ አይስማው።

ወንድሜ፣ እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላ ሁለት መንገድ ይታያችኋል። አብራችሁ ልትኖሩ ከሆነ ደንቡን አውቃችሁ፣ ኪሳራውንም ተቀብላችሁ ግቡበት። ካልሆነም ሳትረጋገሙ ተሰነባበቱ። እስከዚያ ግን የጓደኞችህን ወሬ ተወው። ያ ጸሎት በመጀመሪያው ቃሉ የሚያዘውን አድርግ፤ እሷን ስማት።

የደረሳችሁበትን ጻፍልኝ። ቸር ይግጠመን!