ትንቢትና የአንባቢው ተስፋ

ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሶፍ ዑመርን ለማየት ሄጄ ነበር። የወይብ ወንዝ ወደ ፈለፈለው ዋሻ ስንገባ፣ በፋኖስ ብርሃን የታዩኝ የድንጋይ ዓምዶች ቤተ ክርስቲያን መሰሉኝ፤ ሙስሊሙ ጓደኛዬ ግን «መስጊድ ይመስላል» አለ። ዓምዱ አንድ ነው፤ የተለያየው ይዘነው የገባነው ሐሳብ ነው።

ትንቢትንም የምናነበው እንዲሁ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን «አይሁድ መሲሑን እንዴት አላወቁትም?» ብለን እንፈርዳለን፤ እኔም እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን ሐዋርያት እንኳ ከትንሣኤ በኋላ ጌታን የጠየቁት የእስራኤልን መንግሥት በዚያ ጊዜ ይመልስ እንደ ሆነ ነበር (የሐዋ. ሥራ 1፥6)። እኛ ኢሳይያስ 53ን ስናነብ መስቀሉ ወዲያው የሚታየን ፍጻሜውን አስቀድመን ስለ ሰማን ነው።

በአገራችንም ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ስለሚናገር፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። ብዙዎች የሰላም ዘመን መጣ ብለው ተስፋ አደረጉ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ግን ሁላችንም ተምረናል።

ተስፋ ማድረግ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ተስፋ የሌለው ሰው የትንቢትን መጽሐፍ አይገልጥም። ነገር ግን በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረ ፊልጶስን ጠየቀ እንጂ መልሱን ከራሱ አላመጣም። እኛም በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መጠየቅን ከዚህ ወገናችን እንማር እላለሁ።